የጋሼን ጽሑፍ በሌሊት ሳርም ተያዝኩ

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ልጆቼ ሲተኙ ደግሞ በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ እጽፋለሁ፤ ሌሎች የጻፉትንም አርማለሁ። ክፍያ የለውም፤ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለቤቴ «ሰው ማታ ድራማ ያያል፣ አንቺ ነጠላ ሰረዝ ትለቅሚያለሽ» እያለ ይስቅብኛል።

ከእኛ ሥር አንደኛ ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ። አቃቂ አካባቢ 34 ዓመት አስተምረዋል። ብሎኩ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ የዕድራችንም ጸሐፊ ናቸው። ዓምና አንድ እሑድ እኛ ቤት ቡና ሊጠጡ መጥተው ስልካቸውን አወጡና «ይሄን የጻፈው ማነው?» አሉኝ በቁጣ። ያነበቡት መጣጥፍ የአድዋ ጦርነት «በ1896 ዓ.ም.» ተካሄደ ይላል። ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም ዘመኑ ሳይቀየር ቀርቶ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እና ማን ያስተካክለው?» አሉ። «እርስዎ» አልኳቸው። የምቀልድ መሰላቸው። «አርም» የሚለውን አሳየኋቸው፤ በአንድ ጣታቸው 96ን አጥፍተው 88 ጻፉ። ከዚያ ስልኩን ለባለቤታቸው፣ ለባለቤቴ፣ ለልጆቼም ሳይቀር አዟዟሩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪያቸው ሆንኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ የራሳቸውን መጣጥፍ ጀመሩ፤ ስለ ሰፈራችን ስለ ቱሉ ዲምቱ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ የነበረውን የጤፍና የሽምብራ ማሳ፣ ጥቁሩ አፈር ክረምት ላይ ጫማ እንዴት እንደሚያስቀር፣ ጭድ በአህያ ጭነው ወደ አቃቂ የሚወርዱትን ገበሬዎች ጻፉ። ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ግን አንድም ምንጭ የለውም። ምንጩ እሳቸው ናቸው።

ስሕተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እንዲህ ሆኖ አይቆይም» ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ያውም መምህር! ስለዚህ ማታ ማታ እየገባሁ «ውብና ዝነኛ» የሚሉትን ቃላት አወጣሁ፣ አንዳንድ አንቀጽ ቀነስኩ፣ ስለ ፈጣን መንገዱ ከጋዜጣ ምንጭ ጨመርኩ። የምጠቀመው በብዕር ስም ስለሆነ እኔ መሆኔን አላወቁም። ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ «አንድ የማላውቀው ደግ ሰው እየተከተለ ምንጭ ይጨምርልኛል፤ እግዜር ይስጠው» ይሉኛል። ዝም አልኩ። አራት ወር።

በቅርቡ ሌላ አራሚ መጥቶ የመጣጥፉን ከግማሽ በላይ አነሳው። ምክንያት ብሎ የጻፈው ሁለት ቃል ነው፦ «ምንጭ የለውም»። ጋሼ ተረብሸው መጡ። ላጽናናቸው ብዬ ስልኬን ከፍቼ ገጹን ሳሳያቸው የብዕር ስሜ ከላይ ተጽፎ አዩት። ምንም አላሉም። ቡናቸውን ጨርሰው ወረዱ። ያን ሌሊት የገጹን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበውታል። በማግስቱ ደረጃው ላይ አስቁመውኝ «ልጄ፣ 34 ዓመት ደብተር አርሜያለሁ። በቀይ እስክሪብቶ። ተደብቄ ያረምኩበት ቀን ግን የለም» አሉኝ።

ይኸው ሦስት ሳምንት። ሰላምታ አለ፣ ቡና የለም። ባለቤታቸው እትዬ እንደነገሩኝ ከዚያ ወዲህ ውክፔዲያን አልከፈቱትም። የእኔው ባለቤት ደግሞ «ለማይከፈልበት ሥራ ጎረቤት ታስቀይሚያለሽ?» ይለኛል። ልሂድ? ሄጄስ ምን ልበል? ሌላ የሚያስተምራቸው ሰው ልፈልግላቸው ይሆን? የተነሳው ጽሑፍ እንዳለ ሊመለስ እንደማይችልስ የምነግራቸው እንዴት ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው የነጠላ ሰረዙ ቀልድ አሳቀኝ። በሁለተኛው «ዝም አልኩ። አራት ወር» ያልሽው ላይ ቆምኩ። ከደብዳቤሽ አጫጭር መስመሮች አንዷ ናት፤ ስትጽፊያት የከበደችሽም እሷ ትመስለኛለች።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎቼ ባጭሩ ልንገራቸው። ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት ነው። ማንም ገብቶ ማረም ይችላል፤ ግን እያንዳንዷ ለውጥ ከነቀኗ፣ ከነሰዓቷና ከአድራጊው የብዕር ስም ጋር በገጹ ታሪክ ላይ ትሰፍራለች። እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ አንድ የታሪክ መምህር ስልካቸውን መሳቢያ ውስጥ ሲከቱ ጉድለቱ ይታወቃል። ደግሞስ፣ ስድስት ዓመት የሠራሽበት ሰው የገጹ ታሪክ ምሥጢር እንደማይይዝ ጠፍቶሽ ነው? ወይስ አንድ ቀን ቢደርሱብኝ የሚል ሐሳብ ከልብሽ ጥግ ነበረ? መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ፤ ለራስሽ ብቻ ያዢው።

ማረምሽንና መደበቅሽን አንድ ላይ ቋጥረሽ ነው የተሸከምሻቸው። ማረሙ የቦታው ሥራ ነው፤ ጋሼም ያውቁታል። እሳቸውስ የ1896ቱን ጸሐፊ አስፈቅደው ነው ያረሙት? ደረጃው ላይ ያሉሽን መልሰሽ ስሚው። «ለምን አረምሽኝ» የሚል ቃል የለበትም። ቀይ እስክሪብቶን ነው ያነሱት፤ ተማሪው ከሩቅ የሚያየውን ቀለም።

ይሉኝታ ነው የያዘሽ። ለትልቅ ሰው «ይሄ አይሆንም» ማለትን አላደግንበትም፤ እኔም ብሆን የምደፍረው አይመስለኝም። ግን እስቲ አስቢው፤ ያንኑ ጽሑፍ የጻፈው ከላይኛው ፎቅ የ20 ዓመት ልጅ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር? አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ወንድሜ፣ ምንጭ አምጣ» ትይዋለሽ። ያኮርፋል፣ በነጋታው አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። ያንን ዕድል ጋሼን ነፈግሻቸው። ሌሊቱን ያን ሁሉ መስመር ሲያነቡ የሰሙት «እርስዎ አይችሉትም» የሚለውን ሳይሆን አይቀርም።

ድካምሽን ግን አልክድም። ከሥራ ገብቶ፣ ልጅ አስተኝቶ፣ ለሰው ጽሑፍ ምንጭ መልቀም ቀላል አይደለም። ያመማቸውም በዚሁ በኩል ይመስለኛል። በአንድ ሌሊት ሁለት ሰው ነው ያጡት፤ አንቺንና ያንን የማያውቁትን ደግ ሰው። «እግዜር ይስጠው» እያሉ ሲመርቁት፣ ተመራቂው ፊታቸው ቆሞ እየሰማ ዝም ይል ነበር። በእሳቸው ቦታ ሆኜ ሳስበው ሐፍረቱ ከቁጣው ይብሳል። ያፈረ ሰው ደግሞ ቀድሞ ደረጃ አይወጣም።

እኔም የምጽፈውን የሚያርም ሰው አለኝ። አንድ ጊዜ ሳይነግረኝ አንድ ሙሉ አንቀጽ አውጥቶ፣ ታትሞ አየሁት። አንቀጹ መውጣት ነበረበት፤ ዛሬ ሳየው እኔም አወጣው ነበር። ቢሆንም ሳምንት ሙሉ ከሰውዬው ጋር ቡና አልጠጣሁም። የጋሼ ሦስት ሳምንት ያልገረመኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንቺ ውረጂ። ሽማግሌ እንዳትልኪ፤ ነገሩን ያገዝፈዋል፣ ብሎኩም ይሰማል። ለእትዬ ብቻ አስቀድመሽ ንገሪያቸውና እሑድ ቡናው እነሱ ቤት ይፈላ። ትንሽ ቆሎ ያዢ። ስልክሽን ቤት ተዪው፤ ያን ቀን ያጋለጠሽ ዕቃ መሶቡ አጠገብ ባይቀመጥ ይሻላል።

ይቅርታሽን በአቦሉ ጨርሺው፤ አታርዝሚው። «ጋሼ፣ ይቅርታ የምጠይቅዎት ስላረምኩ አይደለም፤ ተደብቄ ስላረምኩ ነው። ፊት ለፊት መንገር ፈርቼ ነው። ደግ ሰው ብለው ሲመርቁኝ ዝም ማለቴ ከሁሉ በላይ ቆጭቶኛል።» ይበቃል። «ለእርስዎው ብዬ» የምትል ቃል እንዳታመልጥሽ፤ እሷ ከገባች ይቅርታው ውለታ ማስታወሻ ይሆናል። ከዚያ ቶናው እስኪቀዳ እሳቸው ይናገሩ። ቢቆጡ አትከላከዪ። ድንገት ስለ ውኃ መጥፋት ወይም ስለ ዕድር መዋጮ ቢያነሱም ተከተያቸው፤ ትልልቆቻችን «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚሉን ብዙ ጊዜ ወሬ በመቀየር ነው።

ውክፔዲያ በረካው ላይ ይምጣ። ባዶ እጅሽን ግን አይደለም። የገጹ ታሪክ አጋለጠሽ እንጂ ሌላም የሚያደርገው አለ፤ የተነሳ ጽሑፍ እዚያ አይጠፋም። ወደ ኋላ ሂጂና ጋሼ መጀመሪያ የጻፉትን፣ አንቺም ሳትነኪው ያኛውም ሳይቀንሰው የነበረውን፣ ከነጭቃው ከነአህያው አውጪና ፕሪንት አስደርጊው። ፊደሉ ጎላ ይበል። «ጠፋብኝ» ብለው ሲያዝኑ ከከረሙ፣ ወረቀቱን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አንቺው ገምቺ።

እንዳለ እንደማይመለስ የምትነግሪያቸውም ያኔ ነው፣ ወረቀቱ መካከላችሁ ተቀምጦ። ለታሪክ መምህር ምንጭ ምን እንደሆነ አታስረጂ፤ ጠይቂያቸው። «ጋሼ፣ ተማሪ ፈተና ላይ አያቴ ነግሮኝ ነው ብሎ ቢጽፍ ምን ይሉት ነበር?» በይ። የሚመልሱትን አላውቅም፤ ግን የሚስቁ ይመስለኛል። ውክፔዲያ አንድ ነገር መጀመሪያ የሚነገርበት ቦታ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ታትሞ የወጣውን ነው የሚሰበስበው። ወልቂጤ ያለ አንባቢ ጋሼን አያውቃቸውም፣ ደውሎም ሊጠይቃቸው አይችልም። ያለው ነገር ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ያለችው ትንሽ ቁጥር ናት፤ እሷን ተከትሎ መጽሐፉን ወይም ጋዜጣውን ያያል። ጋሼ ትዝታቸው ውሸት የተባለ መስሏቸው ከሆነ ይህንን ከአንቺ አፍ ይስሙት። ያ ሁለት ቃል ጽፎ የሄደው አልነገራቸውም።

ስለሱም አንድ ነገር ልበል። ያለው ልክ ነው፤ አባባሉ ነው የጎደለው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ «እባካችሁ አዲስ መጪዎችን አትንከሱ» የሚል መመሪያ ተጽፏል፤ ሰው ካልተነከሰ እንዲህ ያለ መመሪያ አይጻፍም። አንቺ ስትመልሺ እሱ ሲያነሳ እንዳትውሉ። ጸሐፊው ጀማሪ መሆናቸውን፣ ቢያስረዳቸው ደስ እንደሚልሽ በአባል ውይይቱ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጻፊለት። ግን ሰውየውን ከመውቀስሽ በፊት የራስሽንም ተመልከቺ፤ ለውጥ ስታደርጊ ምክንያት የሚጻፍባት መስመር አለች። በእነዚያ አራት ወራት ምን ጻፍሽባት? «ይህን አንቀጽ ያነሳሁት ያልታተመ ስለሆነ ነው» ብለሽ ከሆነ ጋሼ ያን ሌሊት ያነበቡት ትምህርት ነው። ባዶ ትተሻት ከሆነ ያዩት መቀስ ብቻ ነው። የአንቺ ባዶ መስመርና የእሱ ሁለት ቃል ያን ያህል አይራራቁም።

ሌላ አስተማሪ ስለመፈለግ የጠየቅሽው፣ ከይቅርታው በፊት ከሆነ አይሆንም፤ ሸሸች ይላሉ። ከይቅርታው በኋላ ግን ምርጫውን ለእሳቸው ስጪ። አንዳንድ ሰው ከጎረቤቱ ይልቅ ከማያውቀው ሰው መማር ይቀለዋል። «ከእንግዲህ አልጽፍም» ቢሉም በጎ ፈቃድ ነውና አትጎትቺያቸው። ቡናው ግን በሥራው ላይ መንጠልጠል የለበትም። ባለቤትሽንም አትቀየሚው፤ እሱ የሚያየው ደረጃ ላይ ተያይተው የሚያቀረቅሩ ሁለት ጎረቤቶችን ነው።

እንቀጥል ካሉሽስ? ወረቀቱ የራሳቸው ነው። ውክፔዲያ ላይ ስላወጡት የደራሲነት መብታቸው አልሄደም፤ አስፍተው በስማቸው ለመጽሔት ሊልኩት፣ ጊዜና ጉልበት ካላቸውም መጽሐፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ታትሞ የወጣ ቀን ለመጣጥፉ ምንጭ አድርጎ የሚጠቅሰው ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። አንቺ ትችያለሽ፤ በዚህ ጊዜ እያወቁ።

የቆዩ ፎቶዎችስ አሏቸው? ራሳቸው ያነሱት ከሆነ ኮመንስ በሚባለው የጋራ የፎቶ ማኅደር ላይ ሊያወጡት ይችላሉ። ከማውጣታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪያቸው፤ ከዚያ በኋላ ስማቸውን የጠቀሰ ማንም ሰው፣ ለንግድም ቢሆን፣ ሊጠቀምበት ይችላል። ፎቶ ቤት ወይም ሌላ ሰው ያነሳው ከሆነ ደግሞ አልበማቸው ውስጥ መገኘቱ ብቻ መብቱን የእሳቸው አያደርገውም። ይህንንም እንዳትደብቂያቸው።

ለመጣጥፉ ምንጭ ፍለጋው ከቤት ያስወጣል። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረ ጋዜጣ ነው፤ ስለ አቃቂና ስለ አካባቢዋ ምን ምን እንዳወጣ ማገላበጥ ለጡረተኛ የታሪክ መምህር ድግስ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ስድስት ኪሎ ሩቅ ነው፣ የታክሲ ሰልፉም አለ፤ ለመግባት ምን እንደሚጠይቁና መቼ እንደሚከፍቱ ቀድመሽ አጣሪና አንድ ቀን አብረሻቸው ሂጂ።

እስከዚያው ቤታቸው ቁጭ ብለው የሚሠሩት አለ፤ እንዲያውም ከአንቺ የሚበልጡበት። የሰፈራችሁን ፈጣን መንገድ ውሰጂ። ወደ አዳማ የሚወስደው መንገድ ከእናንተው ከቱሉ ዲምቱ ነው የሚነሳው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፈተ ይባላል። በእኛ 2006 ነው ወይስ 2007? ወሩ ካልታወቀ መልስ የለውም። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመታቸውን እስኪጨርሱ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጳጉሜን እስኪያልቅ ልዩነቱ 8 ይሆናል። አድዋ የካቲት 23 ላይ ስለዋለ ነው ከ1896 ላይ 8 የተቀነሰው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ሁሉን ዓመት በጅምላ 8 ሲቀንስ፣ ጋሼ «ወሩስ?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ለአራሚ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ እኔ አላውቅም።

ሌላም የሚወዱት ሥራ አለ። ቱሉ ዲምቱ የሚባል ሁለተኛ ቦታ እንዳለ አስታውሻቸው፤ በባሌ ተራሮች ያለው፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ስለሆነ በየቦታው ቢገኝ አይገርምም። ተራራውን ፈልጎ የመጣ አንባቢ የእናንተን ብሎክ እንዳያገኝ ሁለቱ በትክክል ተለይተው እንደሆነ አብራችሁ እዩት።

ኧረ ረስቼው! ፕሪንት ስታስደርጊ አንድ ሌላም ጨምሪ፤ አንቺ ከጻፍሻቸው መጣጥፎች ብዙ የደከምሽበትን። የእሳቸውን ሰጥተሽ ስታበቂ የአንቺንም አስቀምጪላቸውና «ይሄን ደግሞ ያርሙልኝ፤ እዚሁ ተቀምጬ እያየሁ» በያቸው። አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ይይዙሻል፤ ሀሌታው ሀ ሐመሩን ሐ የተካበት ቦታም አያጡም። ቀይ እስክሪብቶ ግን ገዝተሽ እንዳትሄጂ፤ መሳቢያቸው ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።